ጋሽ ተክሉ ቴርሞሜትሩን ያስታረቁ ዕለት

ሐበሻ አምስት ሆኖ በሚኖርበት አገር ሁሉ ከአምስቱ አንዱ አስታራቂ ነው። የቀሩት አራቱ ደግሞ እሱ ሥራ እንዳይፈታ በየተራ ይጣላሉ።

ናይሮቢ ውስጥ የኪሊማኒ ሰፈሩ ሊቀ ሽማግሌ ክቡር ጋሽ ተክሉ ናቸው። ከአየር መንገድ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሌላ ሥራ የላቸውም። መጣላታቸውን ከእሳቸው የሰሙ ባልና ሚስት አሉ። ማታቱ በሚሉት የከተማው ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱን ከተሳፋሪ ሲያስታርቁ መውረጃቸውን አልፈው ሌላ ሰፈር፣ ፓርክላንድስ፣ የደረሱበት ቀን አለ። የግቢውን ዘበኛና የጎረቤቱን ውሻ ለማስማማት የጀመሩት ጉዳይ ግን፣ ውሻው ቃሉን ባለመስጠቱ፣ እስካሁን በቀጠሮ ላይ ነው።

ያን ጠዋት የታች ቤት ጎረቤታቸውን የሐሊናን በር ሲያንኳኩ እሷ ሰው ማየት አላሰኛትም ነበር። ለአንድ ክሊኒክ የመድኃኒት ፍሪጅ ሲ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ጽፋለች፤ ቴርሞሜትሩ ሙቀቱን ሲሪያል ፖርት በሚባለው የገመድ መስመር ይልካል፣ ፕሮግራሙ ይቀበላል። ደንበኛው ከሰዓት በኋላ ሊያየው ይመጣል። ካልሠራ ውሏ አይታደስም። ውል ከሌለ የሥራ ፈቃድ የለም፣ የሥራ ፈቃድ ከሌለም ናይሮቢ የለችም። ፕሮግራሙ ግን ፍሪጁ 4.9 ዲግሪ ሆኖ ሳለ አንዴ አራት፣ አንዴ ዘጠኝ ይላል፤ ዘጠኝ ባለ ቁጥር ከስምንት አለፈ፣ መድኃኒቱ ተበላሸ ብሎ ይጮኻል። ገመዱን ቀይራለች፣ የሁለቱ የመላላኪያ ፍጥነት አንድ መሆኑን ደጋግማ አይታለች። እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

«ማን ከማን ተጣላ?» አሉ ጋሽ ተክሉ ፊቷን አይተው።

«ማንም፣ ጋሼ። ቴርሞሜትሩ የሚልከውን ፕሮግራሙ በትክክል አያነብልኝም።»

«ታዲያ ጠብ ሌላ ምንድን ነው?» ወንበር ሳቡ። «ቴርሞሜትሩ ምን አለ?»

«አራት ነጥብ ዘጠኝ። ግን ይኼ...»

«ባንዴ ነው ያለው?»

«አይደለም፤ እየቆራረጠ ነው የሚልከው። ፕሮግራሙ ደግሞ...»

«ይጨርስ» አሉ። «የኔ ሕግ አንድ ነው። ተናጋሪው ጨርሻለሁ ሳይል ፍርድ የለም።»

ይህን ሕጋቸውን ሁልጊዜ የሚናገሩት ሰው አቋርጠው ነው። ሐሊና ግን በዚያ አልተናደደችም፤ ስክሪኑ ላይ ፈዛ ቀረች። ፕሮግራሟ «4» እንደ ደረሰው ሙሉ ቃል ነው ብሎ ይወስዳል፤ ዘግይቶ የመጣውን «9» ደግሞ እንደ ሌላ ቁጥር ይቆጥረዋል። መልእክቱ ማለቁን የሚናገረው ምልክት እስኪመጣ ድረስ የደረሰውን እያጠራቀመ እንዲጠብቅ አድርጋ ጻፈችው። 4.9 አለ። ደግሞ 4.9 አለ።

ደንበኛው መጥቶ አየ፤ ውሉ እንደሚታደስ ተናግሮ ሄደ። ጋሽ ተክሉ እስከ መጨረሻው በምስክርነት ተቀምጠው ነበር።

«እንግዲህ ታርቀዋል» አሉ ደስ ሳይላቸው። «እኔም ልሂድ።»

ቀስ ብለው ተነሡ። ሽማግሌው ላይ ቤት ብቻቸውን ናቸው፤ የሚጣላቸው ሰው እንኳ የላቸውም። ሐሊናም፣ ሲያንኳኩ የተማረረችባቸው፣ አሁን እንዲሄዱባት አልፈለገችም። ጥግ ላይ ምንም ያልሆነውን ፕሪንተሯን አየችው።

«ጋሼ» አለች፣ «ይኼ ፕሪንተርም ከኮምፒውተሩ ጋር ከተኳረፈ ሰንብቷል።»

«ማን ጀመረው?» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።