ያልተፈቀደ የባክቴሪያ ዝውውርን ለመግታት የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.
ቦታ፦ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ መውጫ፣ የጉና በር ሆስፒታል አዳራሽ

የተገኙ፦ አቶ ደሳለኝ፣ ሥራ አስኪያጅና ሰብሳቢ፤ ሲስተር ጽጌ፣ የሴቶች ክፍል ነርስ፤ ወ/ሪት ኢክራም፣ ላቦራቶሪ፤ አቶ ሞላ፣ የሰው ሀብት፤ ሙላቴ፣ ጸሐፊ።
ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት፣ በሥልጠና።

ከሰባቱ አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ለ3፡00 የተጠራው ስብሰባ 4፡20 ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ አራት ቁጥር አልጋ

ወ/ሪት ኢክራም እንዳስረዱት፣ በሴቶች ክፍል አራት ቁጥር አልጋ በተኙት በወ/ሮ ትርንጎ የቀዶ ሕክምና ቁስል ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል በሚሰጠው በመጨረሻው መድኃኒት እንኳ አይሞትም። ይባስ ብሎ ይህን ችሎታውን ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ያስተላልፋል። በዚያው ክፍል ቁስላቸው ያልደረቀ ሦስት ወላዶች ተኝተዋል።

አቶ ሞላ ማንኛውም ዝውውር በሰው ሀብት በኩል እንደሚፈጸም አስታውሰው፣ ያለ ደብዳቤ የተላለፈው ችሎታ እንዳይጸና ጠየቁ። ወ/ሪት ኢክራም ባክቴሪያ ደብዳቤ እንደማያነብ ገለጹ። አቶ ሞላ «እንግዲያው ማስታወቂያ ይለጠፍ» አሉ። ከሰፊ ውይይት በኋላ እንዲለጠፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ማግለያ ክፍል

ሲስተር ጽጌ «ማስታወቂያውን ተዉትና በር የሚዘጋ፣ ውኃ ያለው ክፍል ስጡኝ» አሉ። የክፍላቸው ቧንቧ ከደረቀ አራት ወር እንዳለፈው፣ ከአንዷ ታካሚ ወደ ሌላዋ ሲሄዱ በጆግ እንደሚታጠቡም አስረዱ።

ሲጣራ እንዲህ ያለው ክፍል ይህ አዳራሽ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከሰፊ ውይይት በኋላ ታካሚዋ ወደ አዳራሹ እንዲመጡ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሲስተር ጽጌ ወዲያው ወጡ።

አጀንዳ 3፦ ቀጣይ ስብሰባ

ሰብሳቢው «አፈጻጸሙን የት ተቀምጠን ልንገመግም ነው?» ሲሉ ጠየቁ። አቶ ሞላ የማይገመገም ውሳኔ እንደማይጸና አስገነዘቡ። ውሳኔዎቹን ለመሻር እጅ እየወጣ ሳለ ሲስተር ጽጌ አልጋ እየገፉ ገቡ። ወ/ሮ ትርንጎ ከትራሳቸው ቀና ብለው «ውይ፣ ሥራ አስፈታኋችሁ ልጆቼ» አሉ። አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጭ ተብሎ ተመዝግቧል።

ስብሰባው ወደ ኮሪደር ወጥቶ 6፡10 ላይ አበቃ። ወ/ሪት ኢክራም ቢቃወሙም፣ በዕለቱ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል።

ይህንኑ እንዲነግር የታዘዘው ጸሐፊ የአዳራሹን በር ሲያንኳኳ ሲስተር ጽጌ «ካልታጠብክ አትገባም» አሉት። ከአዳራሹ ቧንቧ ሞልተው ደጅ ካስቀመጡት ጀሪካን ታጥቦ ገባ፤ አልጋውን ወደ መስኮቱ ሲያስጠጉ በእግርጌ በኩል ይዞ አገዛቸው። ውሳኔውን ግን አልነገራቸውም።