በጫማ የተለካ ውኃ

እዚህ አገር ሁለት ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ከተሰለፈ ሦስተኛው ተራ አስከባሪ ነው። ማን እንደሾመው አይጠየቅም። ወፍጮ ቤት ሂዱ፣ አለ። ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ አለ፤ ያውም ራሱ ታሞ የመጣ። መንግሥተ ሰማያት በር ላይም አንዱ ቆሞ "እርስዎ እኮ ከኋላ ነበሩ" ሳይል አይቀርም።

ከደብረ ማርቆስ በታች፣ ወንዙ ዳር ባለው የአትክልት ቦታ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር የውኃ አባት አያ ሙላት ነበሩ። ቦታው እሳቸውን ጨምሮ ለአሥራ አምስት ሰው የተሸነሸነ ነው፤ ለያንዳንዱ ጥቂት መደብ፣ ለሁሉም አንድ ቀጭን ቦይ። ክረምት ላይ ያችን ቦይ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ሌሊቱ ውርጭ ቀኑ ፀሐይ ሲሆን ግን ትነግሣለች፤ አያ ሙላትም አብረው ይነግሣሉ።

ዘንድሮ የውኃ መሳቢያ ሞተር ገብቷል። ሁሉም በየጎማው ያጠጣል፣ ተራ የሚባል ነገር ቀርቷል፣ አያ ሙላትም ደብረ ኤልያስ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ሰገነት ግን ጎማዋን ይዛ ጎመኗ መሀል በቆመች ቁጥር ዞር ብላ ወደ ቦዩ ራስ ታያለች። የሚጮህባት ሰው የለማ! ሰው የሚጮህበት ሲያጣም ይከፋዋል ለካ።

ያኔ ሰዓቱ የአያ ሙላት ጥላ ነበር። ጠዋት ቦዩ ራስ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ፀሐይዋን ከኋላቸው አድርገው ይቆማሉ፤ የጥላቸው አናት ያረፈበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠሙ እስከ ምልክቱ ይቆጥራሉ። ጥላው እያጠረ አሥራ ሁለት ጫማ ሲደርስ የእገሊት ተራ ያበቃል፤ ዘጠኝ ሲደርስ የእገሌ። ልጅነታቸውን በቆሎ ተማሪነት ስላሳለፉ "ይህ የአባቶች ሰዓት ነው" ይላሉ። ስልክ ያወጣ ሰው ወዮለት! "የስልክ ባትሪ ይሞታል፤ ጥላ ግን የሚሞተው ከባለቤቱ ጋር ነው" ተብሎ ወደ ኪሱ ይመልሳል።

"ውኃ ዘመድ የለውም!" የምትል ቃልም ነበረቻቸው። ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ግማሽ ጫማ ዘግይተው ቢደርሱ ውኃውን ለቀጣዩ ሰው አዞሩት። ያን ቀን ምሳ አልቀረበላቸውም፤ እሳቸው ግን በኩራት ጦማቸውን ዋሉ። አንድ ቄስ በመንገድ ሲያልፉ እግራቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ ቢሉ፣ አያ ሙላት መጀመሪያ መስቀል ተሳለሙና "አባ፣ ከሥራነሽ ቀጥሎ ነዎት" አሏቸው። ጉም የወረደ ለት ደግሞ አዋጁ አንድ ነው፤ ጉም ካለ ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ተራ የለም። ጉሙ እስኪገፈፍ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቃል እንጂ ጠብታ አይነካም።

ሰገነት በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ደህና ተራ ደርሷት አያውቅም። የመጀመሪያው፣ ፀሐይ ብቅ ስትል ያለው የሷ ነው። ያን ሰዓት አመዳዩ ቆስጣው ላይ ጨው መስሎ ተነጥፏል፣ የቦዩ ጭቃ ጣት ይቆረጥማል።

"ምን በድያቸው ነው እቴ? ለሰው ሁሉ ሞቅ ሲል፣ ለኔ ብርድ!" አለች አንድ ቀን ድንጋያቸው ሥር ቆማ።

"ቅጠሉን የሚያሳርረው ውርጩ ላይ ፀሐይ ስትወጣበት ነው። ቀድሞ የጠጣ ይተርፋል" አሏት። "ደግሞስ አንቺ እንደሆን እንቅልፍ የለሽም።"

"እንቅልፍ የለሽም ያለዎት ማነው?"

"የስፌት መኪናሽ ነዋ! በዚያ በሌሊት ሳልፍ ሁልጊዜ ሲንኳኳ እሰማለሁ።"

ክፉ ሽማግሌ፣ አለች በሆዷ። ቆስጣዋ ከሁሉም ሰው ቆስጣ ያማረ ነበር፤ እሷ ግን የጉልበቴ ነው ብላ ድርቅ አለች።

አምና ታኅሣሥ፣ የገብርኤል ማግስት ጠዋት፣ ወንዙ ዳር ሁሉ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ሰገነት ደርሳ ሌላ ሰው ስላጣች፣ ያው ዛሬ ጥበቃ ነው ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አያ ሙላት መጡ። ድንጋያቸው ላይ ቆሙ። ወረዱና መቁጠር ጀመሩ፤ "...አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ሰገነት! ተራሽ አልቋል፣ ለሥራነሽ ልቀቂ!"

የቀለዱ መሰላት። አያ ሙላት ደግሞ በውኃ አይቀልዱም። "የምን ጥላ፣ በጉም!" ብላ ልትጮህ ተነስታ ቀረበቻቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት እሷን ሳይሆን ከትከሻዋ በላይ ያለውን ጉም ነበር። ያኔ ዓይናቸውን አየችው፤ ሁለቱም ላይ ሞራ ወጥቷል። ጉም ይሁን ፀሐይ ለሳቸው አንድ ሆኗል።

"ኧረ አያ ሙላት!" አለች ድምፅዋን አጠንክራ። "ገና አሥራ አምስት ነው! አናቱ ያረፈው እዚህ ጋ ነው!" ባዶውን መሬት በእግሯ ደበደበችው።

"አሥራ አምስት ከሆነማ... አጠጪ" አሏት።

በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ረታቻቸው። መደቧ ላይ ሄዳ አለቀሰች። ይህ ከተሰማ የውኃ አባትነቱ ይቀራል፤ ከውኃው ሌላ ደግሞ አያ ሙላት ምን አላቸው? ልጃቸው ከደብረ ኤልያስ መጥታ "ከኔ ጋር ይሁኑ" ስትላቸው "ውኃውን ለማን ጥዬ?" ያሏት በሁሉም ፊት ነበር። ሰገነት ለነፍስ አባቷም ቢሆን ላትናገር ወሰነች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስብሰባ ተጠራ። የጠራው በዚያ ዓመት አዲስ የገባው መምህር አበረ ነው። ቀትር ላይ ሁሉም ድንጋዩን ከበው ሲቆሙ "ጥላው ይቅርና በሰዓት ይሁን። ለሁሉም እኩል ነው" አለ። ልክ ነበር፤ ክፋቱም ልክ መሆኑ ነው።

ጡረተኛው ሾፌር ዘማርያም ወደፊት ወጣ። "ስልክ እዚህ ኔትወርክ የለውም" አለ።

"ሰዓት ለማየት እኮ ኔትወርክ አያስፈልግም!" አለ አበረ።

"ሰዓት ክንዴን ያሳክከኛል" አለች ሥራነሽ።

"ሰዓት የፈረንጅ ነው" አለ አንሙት፣ የፈረንጅ ጃኬቱን እየቆለፈ።

ሰገነት ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። ዘማርያም ሠላሳ ዓመት መኪና የነዳ ሰው ነው፣ ሰዓት ምን እንደሆነ ይጠፋዋል? ይኸው ዘማርያም በየጠዋቱ የአያ ሙላት ጥላ አናት ላይ ቆሞ መሬቱን እየደበደበ "ኧረ እዚህ ጋ ነው ያበቃው!" እያለ ሲጨቃጨቅ ጠበኛ ነው ብላ ታማው ነበር። ለካ ሲመራቸው ኖሯል! ለካ ሁሉም ያውቃል፤ እየተጨቃጨቁ ነው እስከ ዛሬ ያደረሷቸው።

"እንግዲህ በጥላው እንቀጥል የሚል እጁን ያውጣ" አለች ጸሐፊዋ የኔአለም።

እጆች ወጡ። አያ ሙላት ድንጋያቸው ላይ ቆመው ፊታቸውን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አዞሩ። "ስንት ወጣ?" አሉ፤ ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም። የኔአለም መቁጠሩን ትታ ወደ ሰገነት ዞረች።

"ሰገነት! አለሁ!" ብላ ጮኸች ሰገነት፣ እጇ እንደተነሳ።

"ዘማርያም! አለሁ!"

"ሥራነሽ! አለሁ!"

አንድ በአንድ ስም ተጠራ። አያ ሙላት ጋቢያቸው ውስጥ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ድምፅ ሲያልቅ "አሥራ ሦስት" አሉ። "አንድ ሰው ጎደለ።"

አበረ ሽማግሌውን ትኩር ብሎ አየ፤ ዓይናቸውን ያኔ ገና ማየቱ ነው። እጁን አወጣ። "አበረ" አለ። "አለሁ፣ አያ ሙላት።"

"አሥራ አራት።" ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ታዲያ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ውኃው ለማን ይፈስሳል? የማን ተራ ነው?"

ሰው ሁሉ እየተጋፋ ወደየመደቡ ሮጠ። ሰገነት ብቻ ዘማርያም "አውርጂው እንጂ፣ ተቆጥረሻል" እስኪላት ድረስ እጇን አንስታ ቆማ ነበር።