ለአይፒ አድራሻ ሽማግሌ የላክን ዕለት

የካዛንቺስ ሰው አድራሻውን ስትጠይቁት በእጁ ነው የሚመልሰው። "እዚያ ጋ፣ ከፋርማሲው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር፣ ውሻ አለ ግን አይነክስም" ይላችኋል። የቤት ቁጥር ብላችሁ ካፋጠጣችሁት መታወቂያውን ያወጣል። የኔ መታወቂያ የቤት ቁጥሬን ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ? "አዲስ" ነው የሚለው። ቤቱ እኮ አባቴ ጎረምሳ ሳለ የተሠራ ነው! ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አብሮ ተነሳ፤ ዛሬ ቤቱ የለም። መታወቂያዬን ግን ገና ስላልቀየርኩ እዚያ ላይ እስካሁን አዲስ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬ፣ የዓለምን ወንዞች በቃሌ አስይዤ፣ የራሴን ቤት ቁጥር ሳላውቅ ጡረታ ወጣሁ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። እኔ ወደዚህ የመጣሁት ስለ ኢንተርኔት ላወራችሁ ነበር።

የሰፈራችን እድር ፀሐፊ ነኝ። የተመረጥኩት መነጽር ስላለኝ ነው መሰለኝ። አባል ሲመዘገብ ቅጽ አስሞላለሁ፤ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ቋሚ አድራሻ። ሰፈሩ ሲነሳ ቋሚ አድራሻ የተባለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ውሸት ሆነ። አባሎቻችን በከተማው ዳርቻ ተበተኑ። የእድሩ ቢሮ የሆነችው አንዲት ክፍል ብቻ ከመንገዱ ገባ ያለች ስለነበረች ተረፈች።

የተቸገሩት ጋሽ በቀለ ናቸው። ጋሽ በቀለ ጡሩምባ ነፊያችን ናቸው። ሰው ሲሞት በማለዳ ጡሩምባቸውን ነፍተው "እገሌ አርፈዋል፣ ቀብራቸው እዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት" ብለው ከተጣሩ አልሰማሁም የሚል አልነበረም። አሁን ግን ሰዉ ያለው በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶብስ ነው። ምን ዓይነት ሳንባ እዚያ ይደርሳል?

ቴሌግራም ግሩፕ አትከፍቱም ነበር? ትሉኝ ይሆናል። ከፈትን እንጂ። አንድ ወር ሳይሞላው በ"እንደምን አደራችሁ" ጽጌረዳ፣ በነጭ ሽንኩርት ጥቅምና "ይህን ለአሥር ሰው ያላስተላለፈ" በሚል ማስፈራሪያ ተሞላ። የወይዘሮ ጥሩነሽ ሞት በሁለት ጽጌረዳ መሀል ወድቆ ቀረ። እትዬ አሰለፈች፣ ከወይዘሮ ጥሩነሽ ጋር በአንድ ግድግዳ ተጎራብታ ልጆቿን ያሳደገችው ሴትዮ፣ መርዶውን የሰማችው በሰልስቱ ነው። ቢሮ ድረስ መጣች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። "እሷን ሳልቀብር ቀረሁ። እኔስ ስሞት ማን ይሰማል?" አለችኝ። በጣም አፈርኩ።

በኮምፒውተር የምትሠራ ሰላም የምትባል ልጅ አለችኝ። እሷ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ቢሮው ውስጥ ተከለችልን። አይፒ አድራሻ የሚባለውን፣ ከነነጠብጣቡ የሚጻፈውን ቁጥር በስልኩ የከፈተ ሰው አንድ ነገር ብቻ ያያል፤ ማን እንዳረፈና ቀብሩ የት እንደሆነ። ጽጌረዳ የለ፣ ነጭ ሽንኩርት የለ። ቁጥሩን ለሁሉም አደልን። በሦስተኛው ቀን መብራት ሄዶ መጣ። ቁጥሩ አልከፍትም አለ። ለካ ተቀይሯል።

ገረመኝ። ማን ነው የሚቀይረው? ሰላም ስታስረዳኝ፣ ኢንተርኔት የሚያቀርብልን ድርጅት መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር በእጁ ካለው ቁጥር አንዱን ነው የሚሰጠን፤ ልክ ሐኪም ቤት እንደሚታደል የወረፋ ቁጥር። የማይቀየር የለም ወይ? አልኳት። አለ፣ ስታቲክ አይፒ ይባላል፣ የኛዎቹ ግን አይሰጡም አለችኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም። የዓለምን ቁጥር ማን ነው ያከፋፈለው? ለካዛንቺስስ ስንት ደረሳት? እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሳላስተምር ጡረታ መውጣቴ ቆጨኝ።

ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው የድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባዩ ወጣት "ጋሼ፣ ሲስተሙ ላይ የለም" አለኝ። ማስገባት አይቻልም ወይ ስለው "ማለቴ… ፓኬጁ ውስጥ የለም፣ በቃ" አለ። ክብ ማህተም የመታሁበት ደብዳቤ አስገባሁ። "እየታየ ነው" ተባልኩ። ማን እንደሚያየው ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን ለኮሚቴው ስናገር ጋሽ በቀለ ሳቁብኝ። ለመሆኑ የሰው ቤት ሄዶ ልጅ ስጡኝ ብሎ ደብዳቤ የሚያስገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አሉ። የሚፈለግ ነገር በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው ብለው ደመደሙ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ በቀለ፣ የኮሚቴው አባል ሐጂ ሱልጣንና እኔ ተመረጥን።

ሽማግሌ ልካችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ተሰምቶ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ጋቢያችንን አጣፍተን፣ ከዘራችንን ይዘን ገባን። ማናጀሯ ሕይወት ትባላለች፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች ልጅ ናት። "ተቀመጡ አባቶቼ" አለች። ሐጂ ሱልጣን "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ።

ሕይወት ከወንበሯ ተነሳች። የጨዋ ልጅ ናት ለካ! እሷ ስትነሳ ፀሐፊዋ ተነሳች። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ልጆችም እየተያዩ አንድ በአንድ ተነሱ። ስልክ ይጮሃል፣ ደንበኛ ይጠብቃል፣ ቢሮው በሙሉ ቆሟል። ያ "በቃ" ያለኝ ወጣት ጎንበስ ብሎ ቆሞ ይጽፋል።

"ልጄ፣ ልንዛመዳችሁ ነው የመጣነው" አሉ ሐጂ።

ሕይወት ደነገጠች። "ለማን… ማለቴ፣ ማንን ነው?"

"ቁጥር ነው የምንጠይቀው። አንዲት። የማትቀየር።"

ከዚያ ጋሽ በቀለ ቀጠሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ሞት ስናገር ኖርኩ፣ አልሰማሁም ያለኝ የለም፣ አሁን ሰዎቼ ርቀው ጡሩምባዬ አልደርስ አለ፣ የምትደርሰው ይቺ ቁጥር ነበረች፣ እሷን ደግሞ ትቀያይሩብናላችሁ አሏት። የእትዬ አሰለፈችንም ነገር አነሱላት። ሕይወትም "አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ ልመካከርበት" አለች። ያኔ ተቀመጥን። ቢሮውም እፎይ ብሎ ተቀመጠ። ስንወጣ የጋሽ በቀለ እግር መሬት አልነካም። "ቀጠሮ የሰጠ ቤት ልጁን ሰጠ ማለት ነው!" ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። በሳምንቱ ፈቀደች። ድሮም መስጠት ይቻል ነበር አለችን። ዝርዝሩ ውስጥ ያላስገቡት፣ ጠያቂው ሁሉ "የለም" ሲሉት እሺ ብሎ ስለሚሄድ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ለካ ተናግሮም ቶሎ መቀመጥ አያስፈልግም። አሁን በራቸው ላይ "ስታቲክ አይፒ እንሰጣለን፤ ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጋሽ በቀለ ይህን ሲያዩ ተቀየሙ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ድንኳኑ ሳይተከል ቀድማ የደረሰችው ማን መሰለቻችሁ? እትዬ አሰለፈች! በየማለዳው ቁጥሩን ትከፍታለች አሉ። ማንም ካልሞተ "ተመስገን" ብላ ቁርሷን ትበላለች።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ጋሽ በቀለና እትዬ አሰለፈች ባሉበት ሕይወት ቢሯችን መጣች። እድር ልትገባ። አዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ እድር ኖሯት አያውቅም። "እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ፣ እኔስ ስሞት ማን ይሰማል ብዬ አሰብኩ" አለች። ቅጹን ሰጠኋት። ስሟን ጻፈች። ቋሚ አድራሻ የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። መስቀል ፍላወር ተከራይታ ነው የምትኖረው፣ ቤት ደግሞ በየዓመቱ ትቀይራለች። ትንሽ አሰበችና የእድራችንን ቁጥር ከነነጠብጣቡ ጻፈችው።

መነጽሬን አስተካከልኩ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ይህቺን ቀን ስጠብቃት ነበር።

"ልጄ፣ ይሄ ሲስተሙ ላይ የለም" አልኳት።

"እንግዲያው ካልተፈቀደልኝ አልቀመጥም" ብላ ብድግ አለች።

ጋሽ በቀለ ተነሱ። እትዬ አሰለፈችም ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ክፍሏ ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ሆንኩ። ምን ላድርግ? እኔም ተነስቼ፣ ጎንበስ ብዬ ቆሜ ማህተሙን መታሁላት።