ለአያ ደምሴ እግር የተጠራ ዋስ

በር የሚጠብቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ክፋት የለበትም፤ በሽታው ሥርዓት መውደድ ብቻ ነው። እኔ ደብረ ታቦር፣ ከንጉሡ ግቢ በር ላይ፣ እንዲህ ያለ አጋፋሪ ገጥሞኛል።

ጎረቤቴ አያ ደምሴ በዘመቻ ጉልበታቸው ውስጥ ጥይት ቀርቶባቸው በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ጥይቱን የሚያወጣ የንጉሡ ወጌሻ ብቻ ነው ቢሉን ደግፌ ወሰድኋቸው።

አጋፋሪው እግራቸውን አየና ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ «ዋስ ይጥሩ» አላቸው።

«የምን ዋስ፣ ጌታዬ?»

«ከዳኑ በኋላ ከጦሩ እንዳይኮበልሉ ነዋ! ሮጠው ቢያመልጡ ማን ይጠየቃል?»

«እኔ አለሁ» አልሁ።

«አንተማ ደግፈህ ያመጣሃቸው፣ ደግፈህ ብታሸሻቸውስ?»

ይኼን ያህል አርቆ ማሰብ ከየት ይመጣል?

በሦስተኛው ቀን የደብራችንን ቄስ ዋስ ጠርተን ተመለስን። አጋፋሪው ከልቡ አዘነ። «ወጌሻው ዛሬ ማለዳ ከጦሩ ጋር ወጣ። ግን ግድ የለም» አለ የይፋግን መንገድ እያመለከተ፣ «ሮጥ ሮጥ ካሉ ይደርሱበታል።»

አያ ደምሴ ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ዋሴ እርስዎ ነዎት» አሏቸው፣ «ልሩጥ ወይ?»