አንዲት ትንሽ ጥያቄ

ትምህርት ቤት የረገጠ ሰው ሁሉ ይህን ፍጡር ያውቀዋል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ደብተር ሁሉ ተዘግቶ፣ አንድ እግራችን ወደ በሩ ሲዞር እጁን የሚያወጣው ሰው ነው። በዓለም ላይ የቀዘቀዘ ምሳ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

የእኛው ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ፊት ለፊት "ጋሼ" እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ግን ማዕረጋቸው "ሊቀ ጠያቂያን" ነው። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ብንገባም፣ መጀመሪያ ምድር ቤት ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል የመሰናዶ ዓመት መጨረስ ነበረብን። መጨረሻ ላይ የቃል ፈተና አለ። ያለፈ ፎቅ ወጥቶ ሥነ ጽሑፉን ይጀምራል፤ የወደቀ ዓመቱን እዚያው ይደግማል።

"አንዲት ትንሽ ጥያቄ" ይላሉ ሊቀ ጠያቂያን፤ ትንሽ ሆና ግን አታውቅም።

አንድ ቀን ግጥም ስንማር ተነሡ። "ሰውዬው ሞቻለሁ፣ ተቀብሬያለሁ ይላል። ታዲያ ግጥሙን ማተሚያ ቤት ያደረሰለት ማን ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወጣቷ መምህራችን ግን አልሳቀችም፤ ጠመኔዋን አስቀምጣ ኮርኒሱን ታይ ጀመር። ምሳ አለፈን።

በሌላ ቀን አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አንጠልጥለው መጡ። "ስድስት መቶ ገጽ አነበብኩ። ቤቱ አርባ ክፍል አለው። አንድ ሰው እንኳን ሽንት ቤት አልሄደም! ፍሳሹ በየት በኩል ነው የሚወርደው?"

መምህራችን ቅዳሜና እሑድ ቤተ መጻሕፍት ተቀብራ ከርማ ሰኞ የጥንት ቤት የፍሳሽ ንድፍ ይዛ መጣች። ሊቀ ጠያቂያን መነጽራቸውን አድርገው አዩትና በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። "ይሄ ቁልቁለት አይበቃውም። ይመለስባቸዋል" አሉ።

አንድ ቀን አልቻልኩም። "ጋሼ፣ እባክዎ ለሰው ሆድ ይዘኑ!" አልኳቸው።

አልተቆጡም። "ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ስጠግን ኖሬያለሁ። መደርደሪያ ላይ መጽሐፍ አይና 'ይሄ ስለ ምንድን ነው?' እላለሁ። 'አንተ ቧንቧህን ሥራ' ይሉኛል። የሠላሳ ዓመት ጥያቄ ነው የተጠራቀመብኝ። ፎቅ ስወጣ ያልቅልኝ ይሆናል።"

ደብተሬን መልሼ ከፈትኩ። ሆዴ ግን መጮኹን አላቆመም።

የፈተናው ቀን ተራቸው ከእኔ ቀድሞ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገቡ። አራት ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ ውኃ አስገባች። አምስት ሰዓት ላይ ሰሌዳ ገባ። ስድስት ሰዓት ላይ አንዱ ፈታኝ ራሱን ይዞ ወጣና ከቤተ መጻሕፍት አራት መጽሐፍ ታቅፎ እየሮጠ ተመለሰ። ሊቀ ጠያቂያን ሰባት ሰዓት ላይ ፊታቸው በርቶ ወጡ። "እንዴት ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው! የጠየቅኳቸውን ሁሉ መለሱልኝ" አሉኝ።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ሦስቱም ፈታኞች ወንበራቸው ላይ ተዘርረዋል።

"ጥያቄ አለህ?" አሉኝ ሰብሳቢው በሰለለ ድምፅ።

"የለኝም።"

"አልፈሃል! ሂድልን!"

ውጤት ሲለጠፍ በሊቀ ጠያቂያን ስም አንጻር እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ "ተፈታኙ አንድም ጥያቄ አልመለሱም። ፈታኞቹ ግን የተቻላቸውን ሞክረዋል። ዓመቱን ይድገሙ።"

ፎቅ ወጣሁ። እንዴት ያለ ሰላም! ትምህርቱ በሰዓቱ ያልቃል፤ ከእኛ ጋር ፎቅ የወጣችው ያችው መምህራችን "ገባችሁ?" ትላለች፤ ሁላችንም አንገታችንን እንነቀንቃለን። ምሳዬን ትኩሱን በላሁ፣ ወፈርኩም። አንድም ነገር ግን አልገባኝም ነበር። ለካ ምድር ቤት ሳለሁ የማውቀው ሁሉ ሊቀ ጠያቂያን ጠይቀው ያስመለሱልኝን ነው።

አንድ ሐሙስ ደረጃው ሥር ጠብቀው የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። "አንተ እንግዲህ ፎቅ ነህ። ሦስት ናቸው፤ ጠይቅልኝ።"

በቀጣዩ ሐሙስ "ሰዓት አለቀብን፣ ጋሼ" ብዬ ዋሸሁ። በሚቀጥለውም ዋሸሁ። "ግድ የለም፣ ልጄ" እያሉ በባዶ እጃቸው ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ ሳይ አፈርኩ። እኔ ዝም ብዬ ያለፍኩበትን ፈተና እሳቸው ጠይቀው ነው የወደቁት።

በሦስተኛው ሐሙስ መምህራችን መጽሐፏን ስትዘጋ ተነሣሁ።

"አንዲት ትንሽ ጥያቄ" አልኩ።

ከኋላ ወንበር "ኧረ በምሳ አምላክ!" የሚል ድምፅ መጣ። መምህራችን ደነገጠች፤ ከዚያ የወረቀቱን የእጅ ጽሕፈት ከሩቅ ለየችውና ፈገግ አለች። ጠመኔዋን መልሳ አነሣች። ሦስቱንም አነበብኩላት። ሁለቱን መለሰች፤ በሦስተኛው ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠችና "ይሄን ሳስብበት ልደር በልልኝ" አለች። ሁሉንም ለጋሼ ጻፍኩላቸው።

"ሌላስ?" አለች።

ወረቀቱ አልቋል። እኔ ግን አልተቀመጥኩም።