ወይዘሪት ሰገነት የሁምቦን አሮጌ ኮምፒውተር እንዳናገሩ

ወይዘሪት ሰገነት ዘሶዶ ከኮሌጅ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ኮብልስቶን በየሰፈሩ በሚነጠፍበት፣ «ኔትወርክ የለም» የሚለውም ቃል በአገሩ ሁሉ ነግሦ በነበረበት ወራት፣ ጣቶቻቸው በኪቦርድ ላይ እንደ ክረምት ዝናብ የሚወርዱት እኚህ ጥበበኛ፣ ገበሬ ሲጠይቀው የሚመልስ ድረ ገጽ አቆሙ። ገጹም ሰብሉን ጠይቆ፣ የታየውን ምልክት ጠይቆ፣ መፍትሔውን የሚናገር ነበረ። በግንባሩም የሚወዛወዝ በቆሎና የሚበር ቢራቢሮ፣ ሲከፈትም የሚሰማ ዋሽንት ነበረው። ኢንተርኔት ቤትና ሸቀጣ ሸቀጥ በአንድ ጣሪያ ሥር የያዙት ነጋዴ አቶ ቡሽራ በአዲሱ ኮምፒውተራቸው ላይ ባስመረቁት ጊዜ ያየው ሁሉ አደነቀ፤ እርሳቸውም ለታዳሚው ለስላሳ አደሉ።

ወእምዝ፣ በግንቦት፣ ከቆላው ከሁምቦ መርዶ መጣ። የግብርና ባለሙያዋ ወይዘሮ ፈጠነች ደውለው፣ ተምች በበቆሎው ላይ መውጣቱን፣ ገበሬዎችም በጽሕፈት ቤቱ ደጅ መቆማቸውን፣ ገጹ ግን ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ሆኖ መቅረቱን ነገሯቸው። ወይዘሪትም ደነገጡ፤ በልባቸው ጥፋቱን ሁሉ በጽሕፈት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አላክከው ተነሡ።

ሰልፋቸውም እንዲህ ነበረ፤ በፊት የሚኒባሱ ሾፌር፣ ቀጥሎ በበሩ ተንጠልጥሎ «ሁምቦ፣ ሁምቦ» እያለ መንገድ የሚያስለቅቅ ረዳት፣ በመካከል ወይዘሪት ሰገነት፣ በስተቀኝ አቶ ቡሽራ የመብራት ማከፋፈያና የስልክ ገመድ ታቅፈው፣ በስተኋላም በዚህ ዘመቻ ምንም ጉዳይ የሌላቸው ሦስት ዶሮዎች።

ሲደርሱም ያ ኮምፒውተር ወገቡ የሰፋ፣ ቀለሙ የወየበ፣ ሲያስብ የሚያጓራ ሆኖ አገኙት። ተቀምጠው ጠበቁ። ከብዙ ማጓራት በኋላ የቢራቢሮው አንድ ክንፍ ብቻ ታየ። በመስኮቱም አንድ ሽማግሌ ተምች የበላውን ቅጠል በእጃቸው ይዘው ያዩዋቸው ነበር። ያን ጊዜ ወይዘሪት አፈሩ፤ ወዲያውም ዐወጁ።

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። ቢራቢሮው ይውጣ። ዋሽንቱ ዝም ይበል። በቆሎውም... እርሱም ይውጣ።»

የመጨረሻውን ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ተሰበረ አቶ ቡሽራ መስክረዋል፤ የእረፍት ቀናቸውን ሁሉ ያን በቆሎ ሲያወዛውዙ አሳልፈው ነበርና።

ሥዕሉ በወጣ ጊዜ ገጹ ፈጥኖ ተከፈተ። ነገር ግን ሌላ ጠላት ተነሣ፤ አሮጌው ማሽን የግእዝን ፊደል አያውቅምና በአማርኛው ፈንታ የባዶ ሳጥን ሠራዊት ተሰለፈ። አቶ ቡሽራ ገመዳቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ወይዘሪት ግን ወላይትኛ በላቲን ፊደል እንደሚጻፍ፣ ላቲንንም ማሽኑ ከተሠራ ጀምሮ እንደሚያነብ አስታወሱ፤ ለቢሮ ወግ ብለው በአማርኛ መጻፋቸውም ቆጫቸው። ወይዘሮ ፈጠነች በአፍ መፍቻቸው እያሉ፣ ወይዘሪት እየጻፉ፣ ገጹ ታደሰ፤ ተላከ፤ ተከፈተም። ሰብሉን ጠየቀ፤ በቆሎን መረጡ። ምልክቱን ጠየቀ፤ የተበላ ቅጠልን መረጡ። መልሱም ማሽኑ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያጓራ መጣ።

ወይዘሮ ፈጠነችም በደጁ ቆመው በወላይትኛ ዐወጁ።

«በማሳችሁ ዳር ቦይ ቆፍሩ፤ ትሉ እንዳይሻገር። መድኃኒት የሚረጭ ማለዳና አመሻሽ ላይ ይርጭ። ዶማውን ያዋሰ ዛሬውኑ ይቀበል።»

ይህን የመጨረሻውን ገጹ አላለም፤ እርሳቸው ጨመሩት። ሰዉም ስቆ ተበተነ፤ ሽማግሌውም ቅጠሉን ጥለው ከፊት ሄዱ። ከማሳውም ጥቂቱ ተበላ፤ የሚበልጠው ተረፈ።

ወይዘሪትም ወደ ሶዶ በተመለሱ ጊዜ ከአቶ ቡሽራ መጋዘን እጅግ ያረጀ ኮምፒውተር አስወጥተው ከአዲሱ ጎን አቆሙ፤ ዐዋጅም አስነገሩ። «ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ ያልተከፈተ ገጽ በዚያ አይመረቅም።»

እነሆ፣ ማሳመር ሲቻላቸው ማድረስን የመረጡ፣ የደከመውን ማሽን ያላዋረዱ፣ የሰውን ቋንቋ ከማስጌጫ ያስቀደሙ ወይዘሪት ሰገነት ዘሶዶ፣ ስማቸው ከዳሞታ ተራራ እስከ አባያ ዳር ይጠራ፤ መስመሩ ቀርፋፋ በሆነበትም ቀበሌ ሁሉ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ሳይጎድል ይድረስ።