ለተማሪ ጀርባ አይሰጥም፤ ለቪዲዮስ?

የግድግዳ ጋዜጣችን አንባቢዎች ሆይ፣ ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የደረሰብኝን ጉድ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙ ከእኔው ብዕር አንብቡት። አብረውኝ የወረዱት ሠልጣኞች ደሴ እስክንገባ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ ሲስቁ ነው የመጡት። ለእራት ስትሰለፉ ወሬው ይደርሳችኋል።

ስለዚህ እኔ ልቅደም!

በየስብሰባው "ግለ ሂስ አድርጉ" እንባላለን አይደል? ይኸው። ማንም ሳያስገድደኝ።

እንደምታውቁት እኛ የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ለእኔ የደረሰኝ አምስተኛ ክፍል ነው። ርዕሴ ደግሞ የጥቁር ሕዝቦች ታሪክ፤ ጥቁሮች ወደ አሜሪካ እንዴት በባርነት እንደተጋዙ፣ ኋላም ለመብታቸው እንዴት እንደታገሉ።

ሌላው ሠልጣኝ ጠመኔ ይዞ ይገባል። እኔ ግን ቪዲዮ!

አዎ፣ ቪዲዮ። አትሳቁ፤ ሳቁ ገና ነው።

የመምህራን ማሰልጠኛችን ይህንኑ ታሪክ የሚያሳይ አንድ ካሴት አለው። ኮምቦልቻ ግን ቴሌቪዥንና የካሴት ማጫወቻ ዴክ የሚገኙት ከትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ነው። ርእሰ መምህርቷን ወይዘሮ ዘነበችን ክፍሉን ወደዚያ ልውሰድ ብዬ ለመንኳቸው። "ልጅ ቴሌቪዥን ሲያይ ሲኒማ እንጂ ትምህርት አይመስለውም" አሉኝ።

ደግሜ ለመንኳቸው።

"እሺ፣ አንዴ ይሞከር" አሉ በመጨረሻ። "ከተሳካ ልጆቹ በየሐሙሱ በቪዲዮ ይማራሉ። ሳይንሱንም፣ ጂኦግራፊውንም። ካልተሳካ ግን ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ።"

አያችሁ? የእነዚያ ልጆች ሐሙስ ሁሉ በእኔ እጅ ነበር!

ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ድምፁን ዘግቼ ራሴ በአማርኛ ልተርክ ወሰንኩ። የዕቃ ቤት ኃላፊያችን ካሴቱን ታሪኩ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ እያቆሙ ይሰጡኛል፤ እኔ በማሰልጠኛው ዴክ አያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ አጠናለሁ። የመኝታ ክፍሌ ልጆች ምስክር ናችሁ፤ በእንቅልፌም ስተርክ ነበር።

ትናንት ለመጨረሻ ጊዜ ተለማምጄ ካሴቱን ወደ ሳጥኑ ስመልስ፣ ክዳኑ ላይ በቀይ የተጻፈ ትእዛዝ አየሁ፦ "ከተጠቀሙ በኋላ ወደ መጀመሪያው ይመልሱ!"

እኔ ትእዛዝ አይቼ የማልፍ ሰው ነኝ? መለስኩታ። ጥግ ድረስ!

ዛሬ ጠዋት ደሴ በጉም ታፍናለች። ካሴቱ እርጥበት እንዳይነካው በፎጣ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ ለጥፌ በሰኞ ገበያ ሰፈር ሳልፍ አንዲት በርበሬ ሻጭ አዩኝ።

"አንተ ልጅ! ሕፃኑን እኮ አፍነህ ገደልከው!"

"ካሴት ነው እናቴ።"

"እንግዲያ አላህ ያሳድግልህ!" አሉኝ እየሳቁ።

ምርቃት ነው ብዬ "አሜን" አልኩ። ቀኑን ማን ጠርጥሮት!

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀት። አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ ኋላ ወይዘሮ ዘነበች፣ ከጎናቸው ማርክ የሚሰጠኝ መምህር ይመር። የመምህር ይመርን የመጀመሪያ ትምህርት የረሳ አለ? "መምህር ለተማሪ ጀርባ አይሰጥም!" ባለፈው አንዱ ጓደኛችን ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ጀርባውን ሰጥቶ ማርኩ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እኔ እንዲያ አልሆንም! ዴኩን ከፈትኩ፣ ድምፁን ዘጋሁ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ ወደ ጎን ብዬ ቆምኩ። ፊቴ ወደ ልጆቹ፣ ጀርባዬ ወደ ቴሌቪዥኑ።

ጀመርኩ።

"ከገዛ አገራቸው ተነጥቀው፣ በመርከብ ታጭቀው ባሕር ተሻገሩ፤ ጥጥ ለቃሚ ባሪያ ሆኑ…"

ሰይድ የሚባል የፊት ወንበር ልጅ አፉን በእጁ ከደነ። አዘነ አልኩ። ልቤ ተነካ።

"ለዘመናት ዝም አሰኟቸው። አንድ ቀን ግን አፋቸውን ከፈቱ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

"በሰው መከራ ይሳቃል?" ብዬ ጮህኩ። ጸጥ አሉ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። እልህ ያዘኝና ድምፄን ከፍ አደረግኩ፦ "አንዲት ሴት አውቶቡስ ውስጥ ወንበሯን ለነጭ እንድትለቅ ታዘዘች። እሷ ግን ከዚህ ወንበር ማንም አያስነሣኝም አለች!"

አሁንማ ከአግዳሚው የወደቀም አለ።

ከድጃ የምትባል ተማሪ እንባዋን እየጠረገች ተነሣች። "ጓድ መምህር፣ ወላሂ፣ ዞር ይበሉ!"

"ዞር አልልም!" አልኳት። በኩራት!

"ኧረ ጥርሱን ሊነቅሉት ነው!"

ዞርኩ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም አንድ ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ መንጋጋውን በጉጠት ይስባል።

ለካ ካሴቱ መጀመሪያ ላይ ሌላ ፊልም ነበረው። ስለ ጥርስ ጤና! ታሪኩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ትእዛዝ አክብሬ ጥግ ድረስ መልሼዋለሁ። እኔ ስለ መርከብ ስተርክ ልጁ ከረሜላ ይበላል። "አፋቸውን ከፈቱ" ስል ልጁ ለሐኪሙ አፉን ከፍቷል። "አያስነሣኝም" ስል ሁለት ሰዎች ወንበሩ ላይ ይዘውታል።

መምህር ይመር ለምን አላስቆሙኝም? ታዛቢ ትምህርት አያቋርጥማ! እሱም ደንብ ነው።

ካሴቱን ወደፊት ላሳልፍ ስሞክር የአዳራሹ ጠባቂ መጣ። "ጓድ፣ ሠራተኞቹ ስብሰባ አላቸው። ዝጋው።" ዘጋሁት። ልጆቹን አሰልፌ ወደ ክፍል መለስኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ደወሉ ግን ገና ነበር። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያጠናሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል።

ከድጃ እጇን አወጣች። "ጓድ መምህር፣ ያቺ የአውቶቡሷ ሴትዮ ግን… ተነሣች?"

"አልተነሣችም። አሰሯት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ የከተማው ጥቁሮች አውቶቡስ አንሳፈርም አሉ። በእግራቸው ሄዱ።"

"እስከ መቼ?" አለ ሰይድ።

"አውቶቡሱ በእኩል እስኪያስቀምጣቸው።"

ሰይድ አሰበ። እናቱ ፋብሪካው ውስጥ ጥጥ ፈታይ ናት። "ጥጡን ሲለቅሙ ደሞዝ ነበራቸው?"

"አልነበራቸውም።"

"ታዲያ እንቢ አይሉም?"

"ይሉ ነበር። እንቢ ያለ ይገረፍ ነበር።"

ማንም አልሳቀም። በቃሌ ያጠናሁት ውስጥ ደሞዝ የሚል ቃል እንኳ አልነበረም። ደወሉ ሲደወል አንድም ልጅ አልተነሣም።

ወጥቼ ወይዘሮ ዘነበች ዘንድ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ለመለመን አፍሬ ነበር፤ ግን ለመንኩ። "ልጆቹ ያልጨረሱት ጥያቄ አለ። መልሱ ካሴቱ ውስጥ ነው። አንድ ሐሙስ ብቻ ይስጡኝ።"

ትክ ብለው አዩኝ። "ቢያንስ ጥርሳቸውን ይፍቃሉ" አሉ። ቀጥለው፣ "ሐሙስ ድገመው። ያኔም ጥርስ ካሳየኸኝ ግን አለቀ።"

መምህር ይመር የነገሩኝን ደግሞ እንዳለ ልጻፈው፦ "ለተማሪ ጀርባ አልሰጠህም፤ በዚያ ሙሉ ማርክ አለህ። የሰጠኸው ለትምህርቱ ነው። ቀሪውን ሐሙስ አያለሁ።"

እነሆ ቁርጥ ውሳኔዬ። ካሴቱን ራሴ ታሪኩ ላይ አቆመዋለሁ። ከጎን እቆማለሁ፤ አንድ ዓይኔ ልጆቹ ላይ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ላይ። ተማሪ ዞር በል ሲለኝ ደግሞ እዞራለሁ! የቀዩን ጽሑፍ ነገር ለዕቃ ቤት ኃላፊው አመለክታለሁ። በትሕትና።

የምትስቁብኝ ሳቁ፤ በግርጌው በእርሳስ መጻፍም ይቻላል። ግን ይህን ሁሉ ጊዜ የጋዜጣው ሰሌዳ ላይ አፍጥጣችሁ ስታነቡ፣ ጀርባችሁን ለማን እንደሰጣችሁ አስባችኋል?

እስቲ ዞር በሉ። መምህር ይመር በዚህ ሰዓት በዚህ ነው የሚያልፉት።